ላፕቶፑ የት ይቀመጣል?

ቢቸና፣ ጥቅምት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእንድሪስ ሙሐመድያሲን፣
ሞጣ

እንደምን ከረምህ? ሚስትህስ፣ ልጅህ ሀኒያስ፣ ሱቅህስ? ክረምቱን ያሳለፈኝ ፈጣሪ ይመስገን፣ እኔ ደኅና ነኝ። ጉልበቴ ቁልቁለት ላይ ያስቸግረኛል፤ አፌ ግን ደኅና ነው።

የኔ አያትና ያንተ ቅድመ አያት የአንድ እናት ልጆች መሆናቸውን ረስተኸው እንደሆነ ይኸው አስታወስሁህ። አንዷ ነጋዴ አግብታ ሞጣ ወረደች፣ ሰለመችም፤ አንዷ እዚህ ቀረች። ከዚያ ወዲህ እኛ የምንተያየው ለቅሶ ላይ ነው። ዛሬ የሞተ የለም፤ ለጉዳይ ነው የላክሁብህ።

ይህን የምትጽፍልኝ መክሊት ናት፤ ከሕፃንነቷ ያሳደግኋት የልጄ ልጅ። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፣ አላፍርበትምም። እሷስ በስልክ ይንገሩት ብላኝ ነበር። የስልክ ነገር ነፋስ ነው፤ ሲያሻው አለ፣ ሲያሻው የለም። ወረቀት ግን ነገ «አልሰማሁም» ብትል አወጣብሃለሁ።

መክሊት ችሎት በር ላይ ማመልከቻ ጸሐፊ ናት። ጃንጥላዋን ተክላ፣ ጠረጴዛዋን አስቀምጣ፣ መብራቱን ከጎረቤት ሱቅ በገመድ ስባ ትሠራለች። እኔ ከጎኗ በርጩማ ላይ ነኝ። ባለጉዳይ ነገሩን እንደ ተልባ በትኖ ያመጣዋል፤ እኔ ፊተኛውን ፊት፣ ኋለኛውን ኋላ አድርጌ እሰጣታለሁ፤ እሷ ትጽፋለች። በጉብዝናዬ ያለ ወረቀት ዳኛ ፊት ቆሜ የተሟገትሁ ሰው መሆኔን አገር ያውቃል። አሁን ዳኛው ወረቀት ካላየ አይሰማም፤ ስለዚህ በእሷ እጅ እሟገታለሁ።

አሮጌው ላፕቶፕ ክረምት ላይ ጣራው ሲያፈስ ውሃ ገብቶበት ሞተ። ችሎት ከተከፈተ ወዲህ በእጇ ነው የምትጽፈው። መዝገብ ቤት በእጅ የተጻፈ ይቀበላል፤ ባለጉዳዩ ነው የማይቀበለው። በእጅ የተጻፈ ነገር የድሃ ነገር ይመስለዋል፤ እያየን ወደ ወልደ ኪዳን ጠረጴዛ ያልፋል። ወልደ ኪዳን ከኛ ወዲያ የተቀመጠ ጸሐፊ ነው።

ስለዚህ አዲስ ላፕቶፕ አምጣልኝ። ፊቱ የሚያብለጨልጨው ይሁን። ሌላ ዓይነትም አለ ትላለች፤ አልሰማኋትም። ታታልለኛለህ ብዬ አልሰጋም። ብታታልለኝም ዘመድ ነህና ነውሩ ላንተ ነው።

ለቤትህ ሰላም ያውርድ።

ይርሳው እንየው

—

ሞጣ፣ ጥቅምት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአያ ይርሳው

አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ጉልበትዎንም ለቁልቁለቱ ያበርታልዎ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። ደብዳቤዎን የሚኒባሱ ሾፌር የሺጥላ፣ ሱቄ ድረስ አመጣልኝ። «ሽማግሌው መልሱን ሳትይዝ ፊቴ እንዳትቆም ብለውኛል» ስላለኝ ሻይ አዝዤለት፣ እሱ እየጠጣ እኔ እጽፋለሁ።

ለለቅሶ ባልሆነ ነገር ስላስታወሱኝ ደስ ብሎኛል። አያቶቻችንን አልረሳሁም። አባቴ «ቢቸና ያሉት ወገኖችህ አፋቸው ይፈራል» ይለኝ ነበር።

ወደ ጉዳዩ ስመለስ፣ አያ፣ የላፕቶፕ ስክሪን ሁለት ዓይነት ነው። አንዱን ግሎሲ እንለዋለን፤ እንደ መስታወት ነው። ቀለሙ ይደምቃል፣ ፎቶ ሲከፍቱበት ሰውየው ሊናገር ምንም አልቀረውም። ነገር ግን ከፊቱ የቆመውን ሁሉ መልሶ ያሳያል። ሁለተኛው ማት ነው፤ ፈዘዝ ያለ፣ የማያንጸባርቅ። ቀለሙ እንደ ግሎሲው አይደለም፤ ለጽሑፍና ለፀሐይ ግን እሱን የሚያህል የለም። ፎቶ ቤት «በማት ላትመው በግሎሲ?» እንደሚሉት ማለት ነው። ስለዚህ ገዢ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ላፕቶፑ የት ይቀመጣል?

ደግሞ ሌላ ነገር ላንሣ። ሀኒያ ከሱቄ ጎን ፎቶ ቤት ከፍታለች። የሰርግ አልበም፣ የጥሪ ካርድ፣ የሙት ዓመት ፎቶ ትሠራለች። መክሊት በሐምሌ ወረቀት ልታሳትም ሞጣ መጥታ ሳለ፣ የተቀደደ የሰው ፎቶ ኮምፒውተር ላይ አውጥታ ስትጠግን ሀኒያ አይታታለች። ከዚያ ወዲህ «ያቺን ልጅ አምጣልኝ» እያለች ነው። መቀመጫ አላት፣ ደመወዝ አላት፣ በግቢያችን ክፍል አላት። ማድቤቱም ለብቻዋ ነው፤ ጾሟን የሚነካባት አይኖርም። ያስቡበት።

እንድሪስ

—

ቢቸና፣ ጥቅምት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእንድሪስ

ለላክኸው ሰላምታ ሰላም እልሃለሁ። ጥያቄህ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ላፕቶፕ የሚቀመጠው ጠረጴዛ ላይ ነው።

ደብዛዛውን አልፈልግም። ደብዛዛ ነገር ሲገዙት ያረጀ ነው። ባለጉዳይ ከጆሮው ይልቅ ዓይኑን ያምናል። ቡቱቶ የለበሰ ጠበቃ ማን ይቀጥራል? አንተስ የሱቅህን መስኮት የምታጥበው ለምንድን ነው?

መክሊት በዚህ ነገር ካንተ ጋር ናት። «አባባ፣ እርስዎ አያነቡት፤ ፀሐዩ የሚወጋው የኔን ዓይን ነው» አለችኝ። ጃንጥላው ለምን ተተከለ ብላት ፀሐይ ትዞራለች አለችኝ። አንቺም ጃንጥላውን አዙሪው አልኋት። ይኸው አሁን እየጻፈች ትስቃለች። ትሳቅ። ፀሐይ የሞቀው አገር ያወቀው ነው፤ እኔ እዚያ በር ላይ ስቀመጥ እሷ አልተወለደችም።

ያን ሌላውን ነገርህን አንብባልኛለች፤ ሰምቻለሁ።

ግሎሲውን ላክ።

ይርሳው እንየው

—

ሞጣ፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአያ ይርሳው

እንደምን ሰንብተዋል? የዘገየሁት ንቄ አይደለም። መንገዱ ተዘግቶ የሺጥላም መኪናውን አቁሞ ቤቱ ተቀምጦ ነበር። ከትናንት ጀምሮ ሥራ ጀምሯል፤ አላህ አያስደግመው።

አያ፣ አንዱን ጥያቄዬን በጠረጴዛ መለሱልኝ፤ ሁለተኛውን ዘለሉት። ጉልበቴን ያመኛል ያሉኝ ሰው እንዲህ ይዘላሉ ብዬ አልጠረጠርሁም።

ለመሸጥ ብቸኩል ኖሮ ግሎሲውን እልክልዎና አርፍ ነበር። ዕቃው ግን የሚመጣው ከአዲስ አበባ ነው፤ አንዴ ካዘዝሁት አይመለስም። ስለዚህ ሀኒያ የራሷን ላፕቶፕ በየሺጥላ እጅ ልካለች። ግሎሲ ነው። አንድ የገበያ ቀን ችሎት በር ላይ አስቀምጣችሁ ሥሩበት። ከዚያ በኋላ የሚሉኝን አዝዛለሁ፤ ቃል አልመልስም።

ሀኒያ ደግሞ ይህን ጨምርልኝ ብላለች፤ የሰርግ ሥራ የሚደራው ከጥምቀት በኋላ ነው፣ እስከዚያ ወንበሩን ለማንም አልሰጥም።

እንድሪስ

—

ቢቸና፣ ኅዳር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእንድሪስ

አንተንም ቤትህንም ደኅና ያሰንብት። ላፕቶፑ ሳይጫር ደርሷል። የሺጥላን አመስግንልኝ፤ በጋቢው ጠቅልሎ እንደ ታቦት አክብሮ ነው ያመጣው።

አሁን የሆነውን ልንገርህ፤ ሌላ ሰው አሳምሮ ሳይነግርህ።

በገበያው ቀን ጠዋት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥነው። እንዳልሁህ ሰው ተሰበሰበ። ወልደ ኪዳን የራሱን ባለጉዳይ ጥሎ መጣና ጠጉሩን አበጠረበት። እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሰማዩ አለ፣ ደመናው አለ፣ የጃንጥላው ሽቦ አለ፣ የችሎቱ በር አለ። ከመሀል አንድ ሽማግሌ አለ። ራሴን ካየሁ ቆይቻለሁ፤ አርጅቻለሁ። ጽሑፉ ብቻ የለም።

ይርጋነሽ የምትባል ከየትመን ከተማ ወዲያ የመጣች ሴት ነበረችን። ባሏ ሞቶባታል። የባሏ ወንድም ውበቴ ድንበር እየገፋ መሬቷን እየበላባት ነው። የኛ ባለጉዳይ ከጸሐፊዋ ኋላ ካልተቀመጠ አያምንም፤ ማንበብ ባይችልም ቃሉ ሲወጣ ማየት አለበት። እሷም እንደ ደንቡ ከመክሊት ኋላ ተቀመጠች። እኔ ነገሯን አስተካክላለሁ፤ መክሊት ትጽፋለች። ድንገት ይርጋነሽ መናገሯን ተወች። ለካ በላፕቶፑ ፊት ላይ ውበቴን አየችው፤ ከኋላዋ ቆሞ ክሱን እየሰማ ነው። ዞር እንኳ ሳትል «ውበቴ፣ ና ፊት ለፊት ቁም፤ ከኋላ መምጣት ያው ልማድህ ነው» አለችው። ሰዉ ሣቀበት፤ ሰውየው ጥላውን ጎትቶ ሄደ። ጥቅሙን ይኸው አየሽ አልኋት መክሊትን። ደብዛዛው ሌባ ይይዛል?

መክሊት በግራ እጇ ፀሐዩን ትከልላለች፣ አንገቷን ታጣምማለች፣ በመጨረሻ ነጠላዋን በራሷና በላፕቶፑ ላይ ደርባ እንደ ድሮ ፎቶ አንሺ ከውስጥ ገባች። እንዲህ ሆና አዋሳኞቹን ስትጽፍ ምሥራቁን ምዕራብ፣ ምዕራቡን ምሥራቅ አድርጋ ጻፈችው። በዚያ ወረቀት ከሄድህ ውበቴ የገፋው መሬት የገዛ መሬቱ ሆኖ ቁጭ ብሏል። መዝገብ ቤት ያለው ሰው ካርታውን አስተያይቶ መለሰው። እንደገና ጽፈን ስንሮጥ ቢሮው ተዘግቷል። ያቺ ሴት ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ መጥታለች።

መክሊት ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር በይኝ አለቻት።  እኔ ተነሥቼ «ቤቴ እደሪ» አልኋት። እራት አለ፣ መኝታ አለ፣ ነገ በጠዋት በር ሲከፈት ቀድመን እንቆማለን አልኋት። መጣች።

ቀጥሎ ያለውን እንዳያስጽፉኝ ብላ መክሊት እየለመነችኝ ነው። ጻፊ ብያታለሁ።

ቤት ገብተን እግራችንን ታጥበን፣ ገና ብርሃን ሳለ፣ ይርጋነሽ ከመቀነቷ በፌስታል የተጠቀለለ የባሏን መታወቂያ አወጣች። ለክሱ ይጠቅም እንደሆነ ብላ ነው። የፎቶው ግማሽ ፊት በማኅተምና በላብ ሄዷል። መክሊት በስልኳ አነሣችውና ላፕቶፑ ላይ አወጣችው። እንድሪስ፣ ያ ዕቃ ከቤት ውስጥ ሌላ ነው። ችሎት በር ላይ የሰማይ መስታወት ነበር፤ ቤቴ ሲገባ መስኮት ሆነ። ልጅቷ ማኅተሙን ከሰውየው ጉንጭ ላይ ትፍቀው ጀመር። ዓይኑ መጣ፣ ቀጥሎ አገጩ። ይርጋነሽ ከኋላ ሆና አገጩ እንዲህ ሰፊ አልነበረም ትላለች፤ መክሊት ታጠብበዋለች። ጆሮው ሥር ጠባሳ ነበረው ትላለች፤ የት ጋ፣ ምን ያህል ብላ ጠይቃ ታስገባዋለች። ሰውየው ሙሉ ሆኖ ሲወጣ ይርጋነሽ ከትከሻዋ የወደቀ ነጠላዋን አንሥታ አስተካከለች፤ ባሏ የገባ ያህል።

መክሊትን እራት ቀረበ ብዬ ብጣራ አልሰማችኝም። ችሎት በር ላይ በየማመልከቻው መሀል ስታዛጋ ነው የማውቃት።

ማመልከቻው በማግሥቱ ገብቶ ተቀጥሯል። ላፕቶፑን በየሺጥላ መልሼልሃለሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ እኔ ግን ያየሁትን አላየሁም አልልም። በዚያ ፀሐይ በግሎሲ አይጻፍም። ማቱን እዘዝ።

ይርሳው እንየው

—

ሞጣ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአያ ይርሳው

ጤናዎን አላህ ይጠብቅልዎ። ደብዳቤዎን ሱቅ ውስጥ ጮክ ብዬ ሳነብ ደንበኞቼ ዕቃቸውን ይዘው ቆመው ሰሙ። ውበቴ የተባለው ሰውዬ ሞጣ ቢመጣ አገር ያውቀዋል።

ማት ካሉ ማት ነው። አልጨቃጨቅም፤ ለፀሐዩ ትክክል ነዎት። ለሀኒያም ሌላ ልጅ ፈልጊ፣ መክሊት ከአያቷ ጋር ትቀመጣለች ብዬ ነግሬያታለሁ። የፎቶውን ነገር ሳነብላት እስከ መጨረሻው ሰምታ ነበር። ከአንዲት ከሮብ ገበያ ከተማ ልጅ ጋር መነጋገር ጀምራለች። አልተቀየመችም፤ እርስዎም አይቀየሙን።

አዲስ አበባ የምደውለው ከገና በፊት ነው። ሐሳብዎ ከተለወጠ እስከዚያ ይላኩብኝ፤ ካልላኩ ማቱን አዝዣለሁ ማለት ነው።

እንድሪስ

—

ቢቸና፣ ታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእንድሪስ

ለመጪው በዓል እንኳን አደረሳችሁ በሉን፤ እናንተንም በየበዓላችሁ ያድርሳችሁ።

የሺጥላ ይህን ዛሬውኑ እንዲያደርስልህ አጥብቄ ነግሬዋለሁ። ጉልበቴ ከለከለኝ እንጂ እኔው መጥቼ እነግርህ ነበር።

ደብዳቤህን መክሊት አነበበችልኝ። ስለ ውበቴ ያልኸው ጋ ሣቀች። ሀኒያ ሌላ ልጅ ትፈልግ ያልኸው ጋ ስትደርስ ግን ድምፅዋ አልተለወጠም። አልወረደም፣ አልተቆረጠም፤ እንደ ገበያ ዋጋ አንብባ አለፈችው። እኔ ስንት ምስክር ሲናገር ሰምቻለሁ። ሰው ነገሩ ካልነካው አንድ ቦታ ያስላል፣ አንድ ቦታ ይዘነጋል። እንዲህ ሳይዛነፍ የሚናገረው ድምፁን በሁለት እጁ ጨብጦ የያዘ ነው። ቀና ብዬ አየኋት። ወረቀቱን አጥፋ አስቀመጠችና ለበርጩማዬ ቆዳ ልትለውጥልኝ ተነሣች።

ካነበበችልኝ ጀምሮ ሳስበው ሰነበትሁ። ማቱን ስትፈልግ ለዓይኗ መስሎኝ ነበር። ለዓይኗማ ቢሆን ሞጣ ጥላ አለ። ልጅቱ ማት ያለችው እኔ እዚያ በር ላይ እንድቀመጥ ነው። ሽማግሌውን ትቼ ሄድሁ ላለማለት ነው። እኔስ የሀኒያን ጥያቄ የዘለልሁት ለምን ይመስልሃል? እሷ ከሄደች ማን በእጁ ይሟገትልኛል ብዬ ነው። እንዲህ እያልን ሁለታችን አንድ ጃንጥላ ሥር ተቀምጠን አንዳችን ለአንዳችን ስንዋሽ ከረምን።

አሁን የምልህን ስማ። ለኔ ማንም እንዳያዝን። ለወልደ ኪዳን ነግሬዋለሁ፤ በርጩማዬን ወደሱ ጠረጴዛ አዛውራለሁ። እጁ ፈጣን ነው፤ ነገር መለየት አይችልም። የሚችል ሰው ከጎኑ ቢያገኝ የሚጠላ አይመስለኝም። ቢጠላም እቀመጣለሁ። እራቴን የምታበስልልኝ ጎረቤት አለች፤ እሷንም እስከ ዛሬ ያልጠየቅኋት እኔ ስለማልለምን ነው እንጂ እንቢ ስላለች አይደለም።

ሀኒያ ያቺን የሮብ ገበያ ልጅ ገና ቃል ካልሰጠቻት ወንበሩን ትያዝ። ሰጥታትም ከሆነ ሁለት ወንበር ታድርግ፤ የሰርግ ወራት ነው፣ ሥራ አይጠፋም። መክሊት ጥምቀትን እዚህ ከኔ ጋር ውላ በማግሥቱ ትመጣለች። በጾም ወራት ቁርስ ብዪልን ብላችሁ እንዳትጨቀጭቋት፤ አትበላም። ስታጠፋ ተቆጧት፤ ስታኮርፍ ተዉአት፣ ሲርባት ትመለሳለች። ጣራው በክረምት የሚያፈስ ክፍል እንዳትሰጧት።

ማቱን ተወው። ግሎሲውን እዘዝ።

ይኸውልህ፣ እዚህ ላይ ስትደርስ ብዕሯን ከወረቀቱ ላይ አነሣች። አትጽፍም። ጻፊ ብላት ወረቀቱን ታያለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣

«አባባ፣ ግሎሲ ከሆነ እኮ ችሎት በር ላይ አልቀመጥበትም» አለችኝ።

«አውቃለሁ» አልኋት።

ብዕሯን መልሳ ወረቀቱ ላይ አኖረች። ይህንንም ጻፊው አልኋት።

ይርሳው እንየው